ሰባቱ ደንበኞች

በአልማዜ ስልክ ውስጥ ሰባት ሰዎች «ደንበኛ» ተብለው ተመዝግበዋል። ዱቄት የሚልኩላት ሽማግሌ ደንበኛ ናቸው፤ ከእሷ ዳቦ የምትወስደው ሴትም ደንበኛ ናት። ፌስታል የሚያቀርብላት፣ የሊጥ ማቡኪያዋን የሚጠግንላት፣ በየጠዋቱ አርባ ዳቦ የሚወስደው ባለ ቁርስ ቤት፣ ሁሉም ደንበኛ። ልጇ ርሆቦት «እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች እናታቸው ስም አላወጣችላቸውም?» እያለች ስትነዘንዛት፣ አልማዜ «እኔ በፎቷቸው ነው የምለያቸው፤ አንቺን ምን ቸገረሽ» ብላ ታልፋታለች። ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ከዚህ የተሻለ ማዕረግ አያውቅም። በኮልፌ ገዢ ሻጩን «ደንበኛዬ» ይላል፣ ሻጭም ገዢውን «ደንበኛዬ» ይላል፤ ማን የማን እንደሆነ የሚለየው አንዱ የተቆጣ ዕለት ነው።

አልማዜ ዱባለ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ኮልፌ ነው። አባቷ ከወላይታ መጥተው ቅቤ ሲነግዱ ኖረው እዚሁ አረፉ። እሷም ባሏ የሞተባት ጊዜ፣ ርሆቦት ገና የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በኮብልስቶኑ ዳር ዳቦ ቤት ከፈተች። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ዳቦ ቤቷ ትንሽ ናት፤ አንድ መጋገሪያ፣ አንድ ማቡኪያ፣ ሦስት ሠራተኛ፣ ከፊት ለፊት በመስታወት የተከለለች መሸጫ። ርሆቦት ኮሌጅ የገባችው በዚህች ዳቦ ቤት ነው። አልማዜ ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም። ይህች በር ብትዘጋ ነገ ጠዋት ተነስታ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም፤ ይህንንም በየቀኑ ታስበዋለች፣ በተለይ ሐሙስ ሐሙስ።

ሐሙስ የዱቄት ቀን ነው። ልክ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የጋሼ ሀብተማርያም አይሱዙ ከቀራንዮ መጥቶ በሯ ላይ ይቆማል።

ጋሼ ሀብተማርያም ቀራንዮ ውስጥ የዱቄት መጋዘን ያላቸው፣ ጋቢያቸውን ደርበው መጋዘኑ በር ላይ ወንበር አውጥተው የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው። ክፉ ናቸው ማለት ይከብዳል። ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። አልማዜ ዳቦ ቤቷን የከፈተች ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ዱቄት ሊሸጡላት ሲስማሙ የተናገሩትን እስከ ዛሬ ታስታውሳለች፤ «ደንበኛዬ፣ ዱቄትና እርሾ ከአንድ ቤት ሲሆን ነው ዳቦ ዳቦ የሚሆነው» አሏት። እሷም «እሺ ጋሼ» አለች። ጣጣውን ሁሉ ጎትታ ያመጣችው ያቺ እሺ ናት።

ከእርሾው በኋላ ዘይት መጣ። ከዘይቱ በኋላ ማቡኪያው መጣ፤ አስመጪው የእህታቸው ልጅ ነበር። ቦምቦሊኖ መጥበስ ስትጀምር «የእኔ ዱቄት ለእሱ አይሆንም፣ ተይው» አሏት፤ ተወችው። ለበዓል ድፎ ልጋግር ስትል «ድፎ ጊዜ ይፈጃል፣ ጆንያው ቶሎ አያልቅም» አሏት፤ ጆንያው ቶሎ ማለቁ ለማን እንደሚጠቅም ሳትጠይቅ ድፎውንም ተወችው። እሑድ እሑድ ዘግታ ቸርች ትሄድ ነበር፤ «ሰው ዳቦ የሚበላው እሑድ ነው» አሏት፤ እሑድም ከፈተች። የበሩን ቀለም እንኳን የመረጡት እሳቸው ናቸው፣ የጆንያቸውን ሰማያዊ። ርሆቦት አንድ ቀን «እማዬ፣ ባል ብታገቢ ጋሼ ሀብተማርያምን ታስፈቅጃለሽ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። አልማዜም ስቃለች፤ ጥያቄው ግን ቀኑን ሙሉ ከሆዷ አልወጣም።

ታዲያ ለምን አትተዋቸውም? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዱቄት ነጋዴ አያውቅም። አዲስ ሰው መጋዘን በር ላይ ሲቆም የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ልስጥህ» አይደለም፤ «የማን ደንበኛ ነህ?» ነው። የሰው ደንበኛ አይነካም። ይህ ደንባቸው ነው፤ የትም አልተጻፈም፣ ከተጻፈው ይልቅ ግን ይከበራል።

በታችኛው ቅያስ ዳቦ ቤት የነበራት ማኑሄ ይህን ደንብ ናቀችው። ከሦስት ዓመት በፊት ከሩቅ ቦታ አሥር ጆንያ አስመጣች። ጋሼ ሀብተማርያም አልጮሁባትም። እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው አይጨምርም፣ ይቀንሳል። «ማኑሄ፣ ዘንድሮ ዱቄት ጠፋ እኮ» ብቻ አሏት፣ በለሆሳስ። በሚቀጥለው ሐሙስ ዱቄት ጠፋ። ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስም ጠፋ። ሌሎቹ ነጋዴዎች ዘንድ ስትሄድ «አንቺ የጋሼ ሀብተማርያም ደንበኛ አይደለሽም እንዴ?» እያሉ በአክብሮት እስከ በር ሸኟት። ዛሬ በማኑሄ ዳቦ ቤት ውስጥ የስልክ ቀፎና ቻርጀር ይሸጣል። መጋገሪያው የነበረበት ግድግዳ ጥላሸቱ አሁንም አልለቀቀም፤ አልማዜ በዚያ በኩል ስታልፍ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች።

እንዲህ እየፈራች የኖረች ሴት ናት እንግዲህ ዱቄቱ የተበላሸባት።

ሦስት ሳምንት ሆነው። ጆንያው ሲፈታ ቤቱን የሻጋታ ሽታ ይሞላዋል። ሊጡ አይያያዝም፤ ዳቦው አይነፋም፤ ሲበሉት ከጉሮሮ ላይ መረር የሚል ነገር ይተዋል። ጋጋሪዋ ባጫ ስኳር ጨምሮም፣ እርሾ አብዝቶም ሞከረው። «እትዬ አልማዜ፣ ይሄ ነቀዝ ጠግቦ የተረፈው ስንዴ ነው፤ እኔ ምን ላድርገው?» አላት በመጨረሻ። እሷም እንደ ምንም ደፍራ ለጋሼ ሀብተማርያም ነግራቸው ነበር። «የመጣው ይሄው ነው ደንበኛዬ፤ ትንሽ ታገሽ» አሏት። «ታገሽ» የምትለዋን ሲናገሩ ድምፃቸው ቀነስ አለ። አልማዜ ያቺን ቀነስ ማለት ሰማች፤ ሁለተኛ አላነሳችውም።

ረቡዕ ዕለት ግን እሙ መጣች። እሙ እዚያው ሰፈር ባለ አንድ ሙዓለ ሕፃናት ውስጥ ለልጆቹ ምግብ የምታዘጋጅ፣ ዳቦ በየቀኑ የምትወስድ፣ የአልማዜ የልብ ወዳጅ ናት። አንድ ፌስታል ሙሉ ዳቦ ይዛ ተመልሳ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። እያንዳንዱ ዳቦ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትንንሽ ጥርስ ተነክሶ ተትቷል።

«አልማዝዬ፣ ልጆቹ እንትፍ አሉት» አለቻት። «አንቺን አምኜ ነው የማበላቸው። ምን ልበላቸው?»

 እሙ ከሄደች በኋላ አልማዜ ከተነከሱት አንዱን አንስታ ባልተነከሰው በኩል ገመጠችው። መረራት። እፍረቱ ከምሬቱ ባሰ፤ አፏን በውሃ ተጉመጥምጣም አልለቀቃት።

መውጫ ቀዳዳ አልጠፋም ነበር። ሰልሳቢል የምትባል ልጅ አስኮ ውስጥ ከአባቷ ጋር አዲስ ወፍጮ ተክላ ዱቄት ማከፋፈል ጀምራለች። ባለፈው ሳምንት ራሷ ዳቦ ቤቱ ድረስ መጥታ አንድ ፌስታል ዱቄት ለሙከራ ትታ፣ ቀይ ጽጌረዳ ፎቶ ያለበትን ስልኳንም እንደ ሌሎቹ «ደንበኛ» ተብሎ አስመዝግባ ሄደች። «የማን ደንበኛ ነሽ?» ብላ እንኳን አልጠየቀችም፤ ወይ ደንቡን አታውቀውም፣ ወይ ንቃዋለች። ባጫ ያንን ዱቄት ሲጋግረው ዳቦው ወገቡን ነፍቶ እንደ ድሮው ወጣ። አልማዜ ያን ትኩስ ዳቦ እጇ ላይ ይዛ በደስታ ፈንታ የተሰማት ፍርሃት ነበር፤ ሰው ያየ እንደሆነ ብላ በነጠላዋ ሸፈነችው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቆረጠች፤ ለሰልሳቢል ደውላ ከሰኞ ጀምሮ ልትወስድ ተስማማች። ለእሙ በቴሌግራም ድምፅ ልትልክላት ስልኳን አነሳች። መነጽሯ ጓዳ ነው፤ ማን ይመላለሳል። የእሙን ታውቀዋለች፤ ሕፃን ልጅ ያለበት ፎቶ ነው፣ የመጨረሻ ልጇ። የጋሼ ሀብተማርያም የመድኃኔዓለም ሥዕል ነው። ሕፃኑን ተጫነችና ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ አንሾካሾከች።

«እሙዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዳቦውን ያስመረረው የዚያ የሽማግሌው ዱቄት ነው። የበሰበሰውን እኔ ላይ ነው የሚያራግፈው። ከሰኞ ጀምሮ ከአስኮዋ ልጅ ልወስድ ነው። ለሽማግሌው ምንም አልነገርኩትም፤ ቀስ ብዬ ነው የምሸሸው። አደራሽን፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

ላከችው።  ከዚያ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ስታይ ከድምፁ በላይ አንድ የቆየ መልእክት አለ፤ «ሐሙስ 4 ሰዓት። 12 ጆንያ።»

እሙ ጆንያ አትልክም።

አልማዜ ወደ ጓዳ ሮጣ መነጽሯን አመጣች። ፎቶው ላይ ያለው ሕፃን የእሙ ልጅ አልነበረም። ነጭ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ማዕተብ ያሰረ፣ የአርባ ቀን ጨቅላ ነው። ባለፈው እሑድ የጋሼ ሀብተማርያም የልጅ ልጅ ክርስትና ተነስቷል። አልማዜ ራሷ ተጠርታ ሄዳ፣ በልታ ጠጥታ፣ ይህንኑ ሕፃን ታቅፋ መርቃለች። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ፎቷቸውን ቀይረው ኖሯል።

 በዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ሆኑ እትዬ?» አለ ባጫ ከሊጡ ቀና ብሎ።

ነገረችው።  «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለ ባጫ፤ ይህንንም ባይል ይሻል ነበር።

ርሆቦት ነግራታለች፤ አንድ ራይት ከሆነ ሰውየው ገና አላየውም፣ ሁለት ራይት ከሆነ አይቶታል። አልማዜ መነጽሯን አስተካክላ አየች። አንድ ራይት ነው። ለርሆቦት ደወለች፤ ስልኳ ዝግ ነው፣ ፈተና ላይ ናት። ባጫ የያዘው ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ከመደወል በቀር ምንም አያውቅም። ሮጣ ጎረቤቷ ኑሕ ጋ ገባች። ኑሕ ስልክ ይጠግናል፤ ምራቁን የዋጠ ጨዋ ሰው ነው፣ ችኩልነት እንጂ ሌላ ነውር የለበትም።

«ኑሕዬ፣ ድረስልኝ፣ አጥፋልኝ! ይችን፣ ይችን ድምፅ!»

ኑሕ ስልኩን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገው። «ጠፋ» አለ።

አልማዜ እግዚአብሔርን አመሰገነች። እንባዋ መጣ። «ከእሳቸውም ጠፋ አይደል?»

ኑሕ ስልኩን አተኩሮ አየና ጆሮውን አከከ። «ከእርስዎ ነው የጠፋው እትዬ አልማዜ። ከሁለታችሁም የሚለውን አልነካሁትም... ቸኮልኩ መሰለኝ።»

«ታዲያ አሁን አይተውት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«አሁንማ አይታወቅም» አለ ኑሕ፣ ከልቡ አዝኖ።

ይህ ከሁሉ የባሰው ሆነ። ቅድም ቢያንስ አንዲት ራይት ነበረቻት። አሁን እሷም የለችም። ጋሼ ሀብተማርያም ሰምተው ይሆናል፤ ላይሰሙም ይችላሉ፤ በዚህች ቅጽበት ስልካቸውን ከኪሳቸው እያወጡም ይሆናል። አልማዜ ዳቦ ቤቷ በር ላይ ቆማ ወደ መንገዱ ታይ ጀመር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የሚደርስበትን ሰዓት ግን ማንም አልነገራትም።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። አንድ ደንበኛ አምስት ዳቦ ቢጠይቃት ሦስት ሰጠችው፤ ሌላውን ያለ ዳቦ ልትሸኘው ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን የአይሱዙ ድምፅ ሰማች፤ ሮጣ ወጣች። አሸዋ የጫነ ነበር፣ አለፈ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የጋሼ ሀብተማርያም መኪና አንድም ሐሙስ ከአራት ሰዓት አሳልፎ አያውቅም። አራት ከሩብ። አራት ተኩል። ባጫ የቀረውን ጆንያ በዓይኑ ቆጠረና «ሁለት ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አልማዜ የማኑሄን ግድግዳ አሰበች፣ ያንን ጥላሸት። የእሷ መጋገሪያ ሲነቀል ግድግዳው ላይ ምን ዓይነት ምልክት ይተው ይሆን? ማን ይሆን የሚከራየው? ርሆቦት ትምህርቷን ጨርሳ እስክትወጣ ገና አንድ ዓመት አላት። አምስት ሰዓት ሲሞላ መቀመጥም መቆምም አቃታት፤ ነጠላዋን አጣፍታ ታክሲ ውስጥ ገባች።

ረዳቱ «ቀራንዮ! ቀራንዮ! ሁለት ሰው!» እያለ ሲጮህ እሷ መስኮቱ ሥር ተጣብቃ የይቅርታ ንግግር ታጠናለች። «ጋሼ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው።» አይሆንም። «ጋሼ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ።» ይሄም አይሆንም። ወራጅ ማለት ረስታ አንድ ፌርማታ አሳለፈች፤ ያንን ዳገት ተመልሳ በእግሯ ወጣችው።

ጋሼ ሀብተማርያም እንደ ወትሯቸው መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጸሐፊያቸው አምሐ ደረሰኝ ይጽፋል፤ ተሸካሚዎቹ ከኋላ ጆንያ ይደረድራሉ።

«እንዴ! ደንበኛዬ! ምን እግር ጣለሽ?» አሉ ሽማግሌው።

አልማዜ የሰማችው ቃሉን አይደለም፣ ድምፁን ነው። ከፍ ያለ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። አልቀነሰም።

«መኪናው ሲቀር ጊዜ... ደንግጬ ነው ጋሼ።»

«ጎማው ፈንድቶ ነው እኮ! አምሐ፣ አልደወልክላትም? አየሽ የዚህን ሰው ነገር። ከሰዓት ይደርስልሻል። አሥራ ሁለቱንም አስቀምጬልሻለሁ። ነይ፣ አረፍ በይ። ሕፃኑን አየሽው? ከመረቅሽው ወዲህ እንቅልፍ በእንቅልፍ ሆኗል።»

አንጀቷ ራሰ። አልሰሙም! ጎማ ነው፣ ጎማ ብቻ! እዚህ ላይ «እሺ ጋሼ» ብላ ብትሄድ ኖሮ ቢያንስ የዚያን ቀን ሰላሟን ይዛ ትገባ ነበር። ግን የፈራ ሰው ዝም ማለት አይሆንለትም። የተጠናው ንግግር ምላሷ ላይ ተቀምጧል፤ ራሱ ወጣ።

«ጋሼ፣ የጠዋቱን ነገር ይቅር ይበሉኝ። አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም።»

«የምን የጠዋት ነገር?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ወደ አምሐ ዞሩ፤ ስልካቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ። «እኔ እንኳን የድምፁን ነገር አልችልበትም፤ ማታ ማታ የልጄ ሚስት ናት የምትከፍትልኝ። እስኪ አምሐ፣ ደንበኛዬ የላከችው ነገር አለ መሰለኝ።»

አምሐ ነካው። ስልኩ የሽማግሌ ስልክ ነው፤ ድምፁ እስከ ጫፍ ተለቋል። የአልማዜ ሹክሹክታ በመጋዘኑ ጣሪያ ሥር አስተጋባ። «የዚያ የሽማግሌው ዱቄት ነው... የበሰበሰውን እኔ ላይ ነው የሚያራግፈው...» ተሸካሚዎቹ ጆንያ እንደተሸከሙ ቆሙ። አልማዜ መሬቱን እያየች የገዛ ድምፅዋን እስከ መጨረሻው ሰማች፤ እስከ «አደራሽን» ድረስ። በሕይወቷ እንዲህ የረዘመባት ነገር የለም።

ጋሼ ሀብተማርያም ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ሲናገሩ ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረባት።

«የአስኮዋ ልጅ ማን ናት?»

አልማዜ ነጠላዋን መልሳ አጣፋች።

«አልተቆጣሁም። ሰው ይሳሳታል። የስልኳን ቁጥር ስጪኝና ነገሩ እዚሁ ይቅር። መኪናው አሁን ይነሳልሻል።»

«ምን ሊያደርጉት ነው ጋሼ?»

«ምን አደርገዋለሁ። ስንዴዋን ከማን እንደምትወስድ ብቻ ልጠይቃት ነው» አሉ፣ ከቅድሙም ዝግ ብለው። «እሷም ደንበኛ ይኖራት የለ?»

አልማዜ ገባት። ለሰልሳቢል ስንዴ የሚያቀርብላት ሰው በአንዲት የስልክ ጥሪ ዘንድሮ ስንዴ ይጠፋበታል። ያች «የማን ደንበኛ ነሽ» ብላ ያልጠየቀች ልጅ፣ አዲሱ ወፍጮዋ ባዶውን ይቆማል። አልማዜም ወደ ሰማያዊው በሯ ተመልሳ ልጆች እንትፍ የሚሉትን ዳቦ እያወጣች ትኖራለች። ፍርሃቷ ግን «ስጪው፣ ስጪውና ውጪ» ይላታል። እጇ ስልኩን ከቦርሳዋ አወጣ። ጋሼ ሀብተማርያም እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠቻቸው።

አምሐ በሽማግሌው ትከሻ ላይ ጎንበስ ብሎ ስሞቹን ያነብላቸው ጀመር። «ደንበኛ። ደንበኛ። ርሆቦት። ደንበኛ። ደንበኛ... ይሄኛው እርስዎ ነዎት ጋሼ። ደንበኛ። ደንበኛ። ደንበኛ።»

«የትኛዋ ናት?» አሉ ጋሼ ሀብተማርያም።

ባለ ጽጌረዳዋ ናት። አልማዜ ከቆመችበት ቀይዋን አበባ ታያታለች፤ ከሽማግሌው አውራ ጣት ዝቅ ብላ፣ ሊነኳት አንድ ጣት ሲቀራቸው።  ከየት እንዳመጣችው እሷም እስከ ዛሬ አታውቅም፤

«እኔ እንጃ ጋሼ» አለች። «ለይቼ ባውቅማ ኖሮ መልእክቱን ለእርስዎ እልክ ነበር?»

አንዱ ተሸካሚ ሳቁ አመለጠው፤ በሳል አስመሰለው። አምሐ ደረሰኙ ውስጥ ተደበቀ። ጋሼ ሀብተማርያም አልሳቁም። ስልኩን መለሱላት።

«የመኪናው ጉዳት የጎማ ብቻ አይመስለኝም» አሉ። ድምፃቸው ከትንፋሽ አይበልጥም። «ዘንድሮ ዱቄት ጠፋ እኮ፣ አልማዜ።»

«አልማዜ» አሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠሯት።

ዳገቱን እንዴት እንደወረደች፣ የትኛው ታክሲ እንዳመጣት አታስታውስም። ባጫ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ፊቷን አይቶ አልጠየቃትም። ሁለቱ ጆንያ እንዳሉ ናቸው። እሙ የመለሰችው ፌስታልም ባንኮኒው ሥር ነው። አልማዜ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ መነጽሯን አጥልቃ፣ ጽጌረዳዋን ፈልጋ ደወለች። አንድ ጊዜ ጠራ፣ ሁለት ጊዜ ጠራ። ባታነሳስ? ሽማግሌው በሌላ መንገድ ደርሰውባት ቢሆንስ?

«አቤት እትዬ» አለች ሰልሳቢል።

«ሰኞ ነበር ያልነው። ዛሬ ይሆናል?»

«ይሆናል እንጂ! ከሰዓት አባቴ ራሱ ያመጣልዎታል። ኧረ እንኳን ደስ አለን፣ ደንበኛዬ!» ልጅቷ በደስታ ሳቀች። «ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እርሾም እያመጣን ነው። ዱቄትና እርሾ ከአንድ ቤት ሲሆን ነው ጥሩ የሚሆነው።»

አልማዜ ዓይኗን ጨፈነች። ያው ቃል ነው፤ ከለጋ አፍ በደስታ የወጣ፣ ግን ያው።  በጠዋቱ መሄጃ ነበራት። አሁን ይህችን ካስቀየመች ዱቄት የሚሰጣት በከተማው ውስጥ ማን አለ? «እሺ» የምትለዋ ቃል ከአሥራ አንድ ዓመት ልምዷ ጋር ምላሷ ላይ መጥታ ቆመች። ፊት ለፊቷ ሰማያዊው በር አለ። ከእግሯ ሥር አንድ አንድ ጊዜ የተነከሱት ዳቦዎች አሉ።

«እርሾ አለኝ» አለች። «ዱቄቱን ብቻ።»

ስልኩ ጸጥ አለ።  ባጫ የሊጥ እጁን በአየር ላይ እንደያዘ ቆሟል። የልጅቷ ድምፅ ሲመለስ ይቀንስ እንደሆነ ለመስማት አልማዜ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ተጭና ጠበቀች።

«እሺ፣ ዱቄቱን ብቻ» አለች ሰልሳቢል፣ እንደ ቅድሙ ጮክ ብላ። «ስንት ጆንያ?»

«አሥራ ሁለት» አለች አልማዜ። ባጫ የሻገቱትን ሁለት ጆንያዎች እየጎተተ ወደ ውጭ አወጣቸው፤ ከዚያ ተመልሶ ማቡኪያውን ማጠብ ጀመረ።